ለመወርወር የተሠሩ ካርዶች፦ የጃፓን የጉዞ ማስታወሻ

እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ

ቶኪዮም ሰኔ ላይ ክረምት ይገባል። የዝናቡ ወቅት መግባቱ ከታወጀ ገና ጥቂት ቀናት ቢሆኑትም ዛሬ ሲያካፋ ነው ያረፈደው። የመጣሁት የድሮ የቤዝቦል ካርድ ፍለጋ ነው፤ ለዛሬ ያሰብኩት ዩራኩቾ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ግቢ የሚዘረጋውን የኦኤዶ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። ገበያው ብዙውን ጊዜ የሚውለው በወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ እሁድ ሲሆን ዝናብ ከመጣ ይሰረዛል። ተሰረዘ። ወረቀት የሚሸጥ ሰው ዝናብ ላይ እንዲቆም መጠበቅም ግፍ ነው።

ያረፍኩት በካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። በቶኪዮ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚገኙት በዚሁ ወረዳ ነው። ሰፈሩ በጃፓናውያን ዘንድ የሚታወቀው ግን በእግር ኳስ ካርቱን ነው፤ ጣቢያው ሳይቀር በካርቱኑ ልጆች ሥዕል ተሸፍኗል፣ ሐውልታቸውም በየመንገዱ ቆሟል። ለቤዝቦል ሰው የማይመች መንደር! የአክስቴ ልጅ ሚስት ቡና እያፈላች፣ «ጋሼ፣ እውነት ለወረቀት ብለው ነው ከአሜሪካ ድረስ የመጡት?» አለችኝ። ለወረቀት ነው አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የካርዱን ነገር ያስጀመረኝ ልጄ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሰፈር ቡድን ሲጫወት ካርድ እየገዛ ያመጣ ነበር፤ እሱ ኮሌጅ ገብቶ ረሳው፣ እኔ ተለክፌ ቀረሁ። ከአሜሪካው ካርድ ጋር ግን ብዙም አልተስማማንም። ሰዎች ካርዳቸውን ደረጃ ለሚሰጡ ድርጅቶች ይልካሉ፤ እነሱ ጥጉንና ጠርዙን በአጉሊ መነጽር መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል፤ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ጣት አይነካውም። አንድ ቀን በአንድ የካርድ ትርኢት ላይ ከጠረጴዛ ጥግ የተጣለ ክብ ካርቶን አየሁ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ከሥዕሉ መስመር ወጥቶ ፈስሷል፣ ተጫዋቹ ጉንጩ ቀልቶ ይስቃል። ሜንኮ ይባላል አሉኝ። በዚያው ተለከፍኩ።

ሜንኮ ከወፍራም ካርቶን የሚሠራ የልጆች መጫወቻ ነው። አንዱ ልጅ የራሱን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው የያዘውን ከጎኑ በኃይል ይወረውራል፤ በነፋሱ የተኛው ከተገለበጠ ወርዋሪው ይወስደዋል። ልጅ ሳለን በቆርኪ የተጫወትን ሰዎች ቁጭቱንም ደስታውንም እናውቀዋለን። የጃፓን ልጆች ካርዳቸው እንዲከብድላቸው በሻማ ሰም ይቀቡት፣ በዘይት ያርሱት ነበር። ጀርባው ላይ የድንጋይ፣ የወረቀትና የመቀስ ምልክት ይታተማል፤ ከእሱ ጋር ረጅም ቁጥር አለ፤ ትልቁን ቁጥር የያዘ የሚያሸንፍበት ሌላ ጨዋታ ስለነበር ነው። በጦርነቱ ዘመን ፊቱ ላይ የሚሣለው ታንክና ወታደር ነበር። ጃፓን ተሸንፋ አሜሪካኖች ሲገቡ ወታደሩ ከካርዱ ላይ ወረደ፤ የቤዝቦል ተጫዋችና የሱሞ ታጋይ ቦታውን ያዙ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በየሰፈሩ የከረሜላ ሱቅ ሲቸበቸብ ኖረ። (የጃፓንን ታሪክ ዓመታት የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንግዲህ አስቡት። ምንም ሳይሆን የተረፈ ሜንኮ ማለት ልጅ ያልተጫወተበት ሜንኮ ማለት ነው። እኔ የምፈልገው የተጫወቱበትን ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ጂምቦቾ የመጽሐፍ ሰፈር ነው። ከመቶ የሚበልጡ የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች በያሱኩኒ ጎዳና ዙሪያ ተሰድረዋል። በጎዳናው ላይ ያሉት አብዛኞቹ በደቡቡ ዳርቻ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያዞሩ ናቸው፤ ፀሐይ ገብታ ወረቀቱን እንዳታደበዝዘው ነው አሉ። ይህ ሰፈር ያለበት ካንዳ ደግሞ በ1872 ሆራስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ተማሪዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዝቦል ያጫወተበት ሰፈር ነው። ዊልሰን ልጆቹ መጽሐፍ ላይ ብቻ ተደፍተው መዋላቸው ሳያሳስበው አልቀረም። መንደሩ ዛሬም ያው ነው፤ ሁሉም ሰው ተደፍቷል።

የገባሁበት ሱቅ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ባለቤቱ ሰባዎቹን ያለፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሽማግሌ ናቸው። በስልክ አስተርጓሚና በጣት እየተግባባን ግማሽ ቀን አብረን ዋልን። ካርዱን የሚይዙት በባዶ እጃቸው ነው፤ ያጎብጡታል፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው ይመቱታል፣ ያሸቱታል። የአሜሪካ ሰብሳቢ ቢያያቸው ራሱን ይስት ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩት ዋናው ነገር ዕድሜ አቆጣጠር ነው። አብዛኛው ሜንኮ የታተመበት ዓመት አይጻፍበትም፤ ማን እንዳተመውም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ሰብሳቢዎች የሚግባቡት አንድ አሜሪካዊ ባዘጋጀው የኮድ ዝርዝር ነው፤ አራት ማዕዘኑ ሜንኮ ጄሲኤም፣ ክቡ ጄአርኤም፣ የፎቶግራፍ ካርዱ ጄቢአር እየተባለ ይቆጠራል። ኮዱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ዘመኑን ማወቅ አለብህ፤ ዘመኑን የሚነግርህ ደግሞ የቡድኑ ስም ነው። የጃፓን ቡድኖች ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስም ይለውጣሉ፤ የባቡር ኩባንያ ገዝቶት የነበረውን የጋዜጣ ድርጅት ይገዛዋል፣ የጋዜጣውን የፊልም ኩባንያ። ማይኒቺ ኦሪዮንስ የሚል ካየህ ከ1950 እስከ 1957 ባለው ጊዜ ነው። ያው ቡድን ዳይማይ ኦሪዮንስ ከተባለ 1958 ገብቷል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ ግን የኪዩኤይ ፍላየርስን ነገር ነው። ቶኪዩ የተባለው የባቡር ኩባንያና ዳይኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ በ1948 ተጣመሩ፤ ቡድኑ በዚህ ስም የተጠራው ለዚያ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ በዓመቱ ተለያዩ። ኪዩኤይ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሜንኮ በእጁ የገባ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።

የዚያ ቡድን ኮከብ ኦሺታ ሂሮሺ ነበር፤ ሰማያዊ ዱላ ይዞ የሚመታ። ጃያንትስ የተባለው የቶኪዮ ቡድን ተጫዋች ካዋካሚ ቴትሱሃሩ ደግሞ ቀይ ዱላ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ በተቃጠለች ከተማ፣ ራሽን በሚታደልበት ዘመን፣ እነዚህ ሁለት ቀለሞች የልጆች ሁሉ መነጋገሪያ ነበሩ። የሜንኮ አታሚዎችም ፊት ማመሳሰል እንደማይሆንላቸው አውቀው ይመስለኛል ዱላውን ብቻ አድምቀው ይቀቡታል። ባለ ቀይ ዱላውን ካዋካሚን አገኘሁ፤ መሐሉ ላይ ተሰብሮ የታጠፈበት መስመር ይታያል። ኦሺታ በኪዩኤይ መለያ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሽማግሌው ሳቁ። አንድ ነበራቸው፤ ከሸጡት ቆይቷል።

በመደርደሪያው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሳጥን ሙሉው የጃያንትሱ ዝነኛ መቺ ናጋሺማ ሺጌዎ ነው። ናጋሺማ ግንቦት 26 ቀን በ89 ዓመቱ አርፏል፤ እዚህ ከደረስኩ ጀምሮ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እሱው ነው። በሳጥኑ ላይ ያሉት የዋጋ ወረቀቶች አዲስ ናቸው፤ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። «ሰውየው ሲሞት ሁሉም የልጅነቱን ካርድ ፈልጎ መጣ» አሉኝ ባለቤቱ። እሳቸውም ዋጋውን ከፍ ከማድረግ ወደ ኋላ አላሉም፤ ሐዘን ሐዘን ነው፣ ንግድ ንግድ ነው።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉ። በ1964ቱ ኦሊምፒክ ተማሪ ነበሩ፤ ከመንገድ ዳር ቆመው ሲያልፍ አይተውታል። አሯሯጡን ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥተው በዚያች ጠባብ መተላለፊያ አሳዩኝ። ስለ አበበ ብዙ አወጋን። የካዋካሚ ዋጋ ግን በአንድ የን እንኳ አልቀነሰም።

ማታ ፎቶውን ቨርጂኒያ ለሚኖረው የካርድ ባልንጀራዬ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ታጥፏል። 1 እንኳ አይሰጡህም።»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የቤዝቦል የዝና አዳራሽና ሙዚየም ቶኪዮ ዶም ሥር ነው። በ1959 ከኮራኩዌን ስታዲየም አጠገብ ተከፈተ፤ አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ ዶሙ ሲሠራ በ1988 አብሮ ተዛወረ። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ነው ዛሬ የመጣሁት። አብዛኛው ጎብኚ የሚጎርፈው ወደ ዘመኑ ኮከብ ወደ ኦታኒ ነው። እኔ የመጣሁት የድሮ መለያ ልብሶችን ለማየት ነው፤ የአንገትጌው ቅርጽ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የባርኔጣው ምልክት ስም አልባ ካርድን ለማወቅ የሚረዳ መረጃ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስሥል ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ተማሪ ልጆች ሥዕሌን አይተው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ካየሁት ሁሉ የያዘኝ የቪክተር ስታርፊን ነገር ነው። ሩሲያ ተወልዶ ቤተሰቡ ከአብዮቱ ሸሽቶ በልጅነቱ ሆካይዶ የገባ ቁመተ ረጅም ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ነው፤ በጃፓን 300 ጨዋታ ለማሸነፍ የመጀመሪያው። በጦርነቱ ዋዜማ የውጭ ስም ሲጠላ ሱዳ ሂሮሺ እንዲባል ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ ስሙ ተመለሰለት። የአሰባሰብ አባዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው የሚያዝንበትን ታሪክ እያነበብኩ በልቤ «ሱዳ ተብሎ የታተመ ካርድ ቢገኝ ከ1945 በፊት ነው» እያልኩ እቆጥር ነበር።

ከጦርነቱ በፊት የታተመ ነገር የሚያንሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ቶኪዮ በ1945 በእሳት ቦምብ ነደደች፤ ካርቶን መጫወቻ ከቤት ጋር አብሮ ነው የሚነደው። ኮራኩዌን ራሱ በጦርነቱ መጨረሻ ለጦር ሠራዊቱ ተሰጥቶ የአየር መቃወሚያ መድፍ ተተክሎበት ነበር። ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ወርዋሪው ሳዋሙራ ኤይጂ ቦምብ ሲወረውር ክንዱን አበላሽቶ፣ ዳግም ሲዘምት የተሳፈረባት መርከብ ዲሴምበር 1944 ውስጥ በባሕር ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ነው፤ ከ1947 ጀምሮ።

ከዶሙ ስወጣ አንድ ትልቅ የካርድ መደብር ገባሁ። ንጹሕ፣ ብሩህ፣ ቀዝቃዛ። ቤዝቦል ማጋዚን የተባለው አሳታሚ በ1991 በአሜሪካው ዓይነት የመጀመሪያውን ሙሉ ስብስብ ካወጣ ወዲህ የጃፓን ካርድም ፊርማና ተራ ቁጥር ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ ሆኗል። ምንም የሚወቀስ ነገር የለውም። አሥር ደቂቃ ሳልቆይ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ናካኖ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ እዚያ ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ ረቡዕ እንደሚዘጉ የአክስቴ ልጅ ነግሮኝ አቅጣጫዬን ወደ አሳኩሳ አዞርኩ። ከዮትሱጊ ቅርብ ነው። ሙቀቱ ግን ዝናቡን አስናፈቀኝ።

አሳኩሳ የመጣሁት ብሮማይድን ከምንጩ ለማየት ነው። ብሮማይድ በፎቶግራፍ ወረቀት የሚታተም የታዋቂ ሰው ምስል ነው፤ የፊልም ተዋናዩም፣ ዘፋኙም፣ ቤዝቦል ተጫዋቹም ይወጣበታል። ማሩቤል ዶ የተባለው ሱቅ ከ1921 ጀምሮ ብሮማይድ ሲሸጥ ኖሯል፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ፊት ነው፤ ሁሉም ወደ አንተ ያያል። የልጆቹ ብሮማይድ ከዚህ ያነሰ ርካሽ ነገር ነበር። ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ቀጭን ስለሆነም አይወረወርም። የከረሜላ ሱቁ ባለቤት ትልልቆቹን ምስሎች ለሽልማት ከላይ ሰቅሎ ትንንሾቹን በወረቀት ከረጢት ያንጠለጥላል፤ ልጁ ሳንቲሙን ከፍሎ ዕድሉን ይቀዳል። ዛሬ ገበያ ላይ አዲስ መስሎ የሚገኘው ካርድ ምንጩ ይኸው ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ፣ ጅምላ አከፋፋዩ ሲሞት፣ ከመጋዘን ገመዱ ያልተፈታ እሽግ ይወጣል። ኒፖሪ ጣቢያ አጠገብ እንዲህ ያሉ የከረሜላና የመጫወቻ አከፋፋዮች የተሰለፉበት መንገድ ነበር፤ አካባቢው እንደገና ሲገነባ ጠፋ።

እዚያው አሳኩሳ፣ ከአንድ የቱሪስት ሱቅ «የድሮ» ሜንኮ እሽግ ገዛሁ፤ በዛሬ ማተሚያ የተባዛ መሆኑን እያወቅሁ፣ ለማነጻጸሪያ። ልዩነቱ ዓይን ያወጣል። የድሮው ካርቶን ግራጫና ሻካራ ነው፤ ቀይና ሰማያዊው አንዱ በሌላው ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ ቢላዋው እንዳመጣለት የቆረጠው ስለሆነ አንዱ ጎን ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ቅጂው ሁሉም ነገሩ ልክ ነው። ልክነቱ ነው የሚያጋልጠው።

ከሰዓት በኋላ በሱሚዳ ወንዝ ዳር ወደ ሰሜን ሄድኩ። በዚህ ዳርቻ ካለ ሜዳ ላይ ነው በ1954 አራካዋ ሂሮሺ የተባለ ተጫዋች በመንገዱ ሲያልፍ አንድ ግራኝ ልጅ በቀኝ ሲመታ አይቶ፣ በግራህ ሞክር ያለው። ልጁ ኦ ሳዳሃሩ ነበር፤ ቻይናዊ አባቱ ከወንዙ ማዶ ምግብ ቤት ነበራቸው። ኋላ አራካዋ የጃያንትስ አሠልጣኝ ሆኖ አንድ እግሩን አንሥቶ እንዲመታ ያስተማረውም እሱው ነው። ኦ በ1980 ሲሰናበት 868 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሳልፍ ምት) መትቶ ነበር። በ1959 የወጡት የመጀመሪያ ሜንኮዎቹ ዛሬ ከእኔ አቅም በላይ ናቸው። ሜዳው ላይ ልጆች ይለማመዱ ነበር፤ አሠልጣኛቸው ይጮኻል፤ ማንም በመንገድ አላፊ ምክር የሚሰማ አይመስልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል ነው። በጠዋት ቤቱ ዕጣን ዕጣን ሸተተ፤ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጎረቤት የሚኖሩ አበሾች መጡ። ካርዶቼን አውጥቼ ሳሳያቸው በትሕትና አገላበጧቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ካዋካሚን አንሥታ በቀጥታ ወለሉ ላይ አላተመችው። እናቷ ደነገጡ፤ እኔ ግን ከዋሉት ሁሉ ካርዱ የገባት እሷ ናት ብዬ አመሰገንኳት።

ናካኖ ብሮድዌይ በ1966 የተከፈተ፣ ዛሬ በብዙዎቹ ሱቆቹ የሰብሳቢ ዕቃ የሚሸጥበት የገበያ ሕንፃ ነው። ዛሬ የመጣሁት ካልቢ ለተባለው የመክሰስ ኩባንያ ካርዶች ነው። የካልቢ ታሪክ የሚጀምረው ከቤዝቦል አይደለም። ኩባንያው በ1971 የቴሌቪዥን ጀግና ካርድ ያለበት መክሰስ ሲያወጣ ልጆች ካርዱን ወስደው መክሰሱን መጣል ጀመሩ፤ በየመንገዱ የተጣለ ከረጢት የአገር መነጋገሪያ ሆነ፣ ወላጆች ተቆጡ። ኩባንያው ግን ልጆች ምን እንደሚፈልጉ ገብቶታል፤ በ1973 የቤዝቦሉን አስከተለ። የመጀመሪያው ካርድ፣ ቁጥር 1፣ ናጋሺማ ነው። በ1975 የድንች ቺፕስ ሲጀምር ካርዱም ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም ከቺፕስ ጋር ይወጣል።

ከ1975 እስከ 1977 ያለው ስብስብ የእብደት ነው፦ ከ1,400 በላይ ካርዶች። ከዚያ ላይ አንዳንዱ ክፍል በሂሮሺማ ወይም በናጎያ አካባቢ ብቻ ነው የተሸጠው፤ የቶኪዮ ልጅ ቺፕስ በልቶ ቢሞት አያገኘውም። ጀርባው ላይ «ዕድለኛ» የሚል የወጣለት ልጅ ደግሞ ያንን ልኮ የካርድ ማስቀመጫ አልበም ይቀበል ነበር፤ ስለዚህ ዕድለኛው ካርድ ሄዶ አልበሙ ይቀራል። የሜንኮው ልጅ ካርዱን ሲያላትም ይፈጀው ነበር፤ የካልቢው ልጅ ግን አልበም ተሰጠው። በእኔ ግምት ነገሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ካርድ መጠበቂያ ዕቃ የተሰጠው ልጅ መጠበቅ ይጀምራል።

ሻጩ ወጣት ነው፤ በጥቁር ጓንት ነው የሚያወጣው። የኦን የ1977 ካርድ ጠየቅሁት፤ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 3 ቀን 756ኛውን ሆም ራን መትቶ የአሜሪካዊውን ሃንክ አሮንን ቁጥር ያለፈበት ዓመት ነው። አምስት ስድስት ዓይነት አወጣልኝ፤ ሁሉም ጥጋቸው እንደ ምላጭ የሰላ። ከሥር የቀረ፣ ማስቲሽ ጀርባውን ያበላሸው፣ ከአልበም ላይ ተነቅሎ የወጣ አንድ አየሁ። 300 የን። ሻጩ የተሻለ እንዳለ እያደጋገመ ነገረኝ፤ ምን አልባት የማልሰማ መስሎት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ሺዙኦካ ለመውረድ የሚሻ ሰው በፈጣኑ በኖዞሚ ባቡር አይሳፈር፤ ሳይቆም ነው የሚያልፈው። በሂካሪ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፉጂ ተራራ ደመና ውስጥ ነበር።

ኩሳናጊ ስታዲየም ደጃፍ ሁለት ሐውልቶች ቆመዋል፤ ሳዋሙራ እግሩን ሽቅብ አንሥቶ ሲወረውር፣ የአሜሪካው ዝነኛ መቺ ቤብ ሩት ዱላውን ሲሰነዝር። ኖቬምበር 20 ቀን 1934 እዚህ ሜዳ ላይ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሳዋሙራ ለአሜሪካ ምርጦች ወረወረ፤ ጌሪንገርን፣ ሩትን፣ ጌሪግንና ፎክስን አከታትሎ አስወጣ። በመጨረሻ ሉ ጌሪግ በመታው አንድ ሆም ራን 1 ለ 0 ተሸነፈ። አሜሪካኖቹ በዚያ ጉዞ ሌላውንም ጨዋታ ሁሉ አሸንፈዋል፤ ጃፓኖች የሚያስታውሱት ግን የተሸነፉበትን ይህን አንዱን ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ጃያንትስን የወለደው ቡድን ተመሠረተ። ሩት ከኖረባት አገር የመጣሁ ሆኜ ሳለ ፎቶ የተነሣሁት ከልጁ ከሳዋሙራ ጋር ነው።

ማታ ኦሳካ ገባሁ። ኮሺየን ስታዲየምን ከውጭ ብቻ አየሁት፤ የጨዋታ ምሽት ስለነበር በቢጫና ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ከጣቢያው ጀምሮ ይተራመሳል፤ ትኬት ካለቀ ቆይቷል። በ1924 የተሠራ ነው፣ ግድግዳው ሐረግ ለብሷል። ከመቀመጫዎቹ በላይ የነበረው ትልቅ የብረት ጥላ በ1943 ተነቅሎ ለጦርነቱ ተሰጥቶ ነበር። ካርቶኑ ነደደ፣ ብረቱ ቀለጠ፤ እንግዲህ ምን ይቀራል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፣ ኦሳካ

በወሩ 21ኛውና 22ኛው ቀን በሺቴኖጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ገበያ ይቆማል። ቤተ መቅደሱን ልዑል ሾቶኩ በ593 እንዳሠራው ይነገራል። ገበያው የሚሸጠው ግን የአያቶችን ጓዳ ነው፦ ኪሞኖ፣ የተሰበረ ሰዓት፣ የሻይ ዕቃ፣ የወታደር ኮዳ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ያነዳል። ሻጮቹ ከቶኪዮዎቹ ይልቅ ተጫዋች ናቸው፤ ሲከራከሩህም ይስቃሉ።

ካርዶቹን ያገኘኋቸው ከአንዲት እናት ዘንድ ነው፤ ሰባ ይሁኑ ሰማንያ መገመት አልቻልኩም። ሰፊ ባርኔጣ አድርገው፣ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው፣ እግራቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋል። ቆርቆሮው ሜንኮ ሞልቷል። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ በተጫዋቹ ቅርጽ የተቆረጠ። ሳሙራይ አለ፣ ሱሞ አለ፣ ባቡር አለ። ሰም የተቀቡት ጥቁርና ከባድ ሆነዋል፤ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። የወንድማቸው ነው አሉኝ። ወንድማቸው ስሙን በእርሳስ በየጀርባው ጽፏል፤ ሲሸነፍ የተወሰዱበትንና ያሸነፋቸውን ሊለይ ነው መሰለኝ፣ ሌሎች የልጆች ስሞች ተሰርዘው የሱ ስም ከላያቸው የተጻፈባቸው ነበሩ። አንዱ ላይ ሦስት ስም አለ፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል። ለዚህ ካርድ ከ1 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?

አንድ በአንድ እያላቀቅሁ ስፈልግ ሰማያዊ ዱላ አየሁ። ከላይ ቀኙ ጥግ ተቆርጦ የለም። ፊቱ የማንም ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ያሉትን ፊደላት ሰኞ ሽማግሌው በደብተሬ ላይ ከጻፉልኝ ጋር አስተያየሁ፤ አንድ በአንድ፣ ሁለቴ። ኪዩኤይ። ኦሺታ። 1948። ለባልንጀራዬ ፎቶ ላክሁለት። «ጥጉ የት ሄደ?» አለኝ። ለዚህ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም፤ ጥጉ የሄደው ኦሳካ ውስጥ በአንድ አስፋልት ላይ ነው።

እናቲቱ ለእያንዳንዱ 300 የን ነው የሚጠይቁት፤ ለኦሺታም፣ ለሳሙራዩም፣ ለባቡሩም ያው። ዋጋው ይህ እንዳልሆነ ልነግራቸው ሞከርኩ። ስልኩን ዘርግቼ ይህ የተፈለገ ካርድ ነው፣ የአንድ ዓመት ቡድን ነው አልኳቸው። አንብበው እጃቸውን አወዛወዙ። ኋላ ሁለት ሺህ የን አስጨበጥኳቸው፤ መልሱን ከለከሉኝ ማለት አልችልም፣ ከዚያች ሁለት ሺህ ላይ አራት ተጨማሪ ሜንኮ መርጠው ጨመሩልኝ። አራተኛው ናጋሺማ ነው፤ ወጣት፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ስልኩ ሊተረጉመው ስላልቻለ በእጃቸው አሳዩኝ። ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ ነው። አላውቅም አልኩ። ከበርጩማቸው ተነሡ። ናጋሺማን ከእጄ ወስደው ድንጋዩ ላይ አስተኙት፤ ከቆርቆሮው በሰም የጠቆረ ክብ ሱሞ መዝዘው ሰጡኝ። ወረወርኩ። ናጋሺማ አልተነቃነቀም። ጎረቤት ሻጮች መጥተው ከበቡን፤ አንዱ ክርኔን ይዞ አቅጣጫ ሊያሳየኝ ሞከረ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሱሞው ተንከባልሎ የሻይ ዕቃ ሻጭ ምንጣፍ ሥር ገባ። ሳቅ ሆነ።

ተራው የእሳቸው ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ጎንበስ ብለው ርቀቱን ለኩ። ድምፁ እንደ ጥፊ ጮኸ። ናጋሺማ ተነሥቶ በጀርባው ተኛ፤ የወንድማቸው ስም ወደ ላይ ሆነ።

አንሥተው አቧራውን አራገፉለትና ቆርቆሮው ውስጥ ጨመሩት። እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ሁለቱን እጃቸውን አጣምረው አዩኝ፤ ጨዋታው ጨዋታ ነው።

«300 የን» አሉኝ።